የሙሽራ ከረጢት ይዤ ገበያውን ስዞር

የሺዬ፣ የቤቴ ሰው፣

አንቺን ከሸኘን ይኸው አራተኛው ክረምት ገባ። የገዳሪፍ ዝናብ ጠባዩን አልለወጠም። ቀኑን አቧራ ስንጠርግ ውለን አመሻሹ ላይ ጥቁሩ ጭቃ ጫማችንን ከእግራችን ላይ ነጠቀን። ዝናቡ ከመግባቱ በፊት አንቺ ዘንድ መጥቼ ሣሩን ነቅያለሁ፣ ድንጋዮቹንም አስተካክያለሁ። ከራስጌሽ ያለው አንዱ ድንጋይ ግን እምቢ አለኝ፤ ባቃናሁት ቁጥር ይዘማል። አንቺ ብትሆኚ «ተወው፣ እሱም ይረፍበት» ትይኝ ነበር። ተውሁት።

ስለ ቤቱ ልንገርሽ። የግቢው ዳስ ሣሩ ተቀይሯል፤ አሁን አያፈስም፣ ወይም የሚያፈሰው አንቺ ትቀመጭበት በነበረው ጥግ በኩል ብቻ ነው። የኒም ዛፋችን አድጋ የመብራቱን ሽቦ ነክታለች፤ ሽቦው ውስጥ መብራት የሚያልፈው አልፎ አልፎ ስለሆነ ግን የሚፈራ የለም። ከጎናችን የነበረው ባዶ ቤት ጦርነቱን ሸሽተው ከካርቱም የመጡ ሰዎች ገብተውበታል። ሴትዮዋ በግንቡ ላይ ትኩስ ዳቦ ታቀብለናለች፤ እኔም ልጆቿን ክፍልፋይ አስጠናቸዋለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህም በየጠዋቱ ሸሚዜን በከሰል ካውያ እተኩሳለሁ። የምሄድበት ባይኖረኝም ሸሚዙ ዝግጁ ሆኖ ይጠብቃል።

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽ ግን ስለ ልጃችን ስለ ሰብለ ነው። ሰብለ ሥራ ልትቀይር ነው። ነገሩ እንዴት እንደተወሰነ ከሰማሽ እንደምትስቂ አውቃለሁ፤ ስለዚህ ሳልዘልል ከመጀመሪያው እነግርሻለሁ።

አንቺ ካረፍሽ በኋላ ሰብለ በሃጃ ነፊሳ የሽቶና የቅባት ሱቅ ያንቺን በርጩማ ተረክባ ስትሸጥ መኖሯን ታውቂያለሽ። ያው ያቺ በሴቶቹ ገበያ መግቢያ ያለችው፣ በሯ ዝቅ ያለች፣ ረጅም ሰው ሁሉ ግንባሩን የሚመታባት ሱቅ ናት። ከፊት ኩሉ፣ ሳሙናው፣ የፀጉር ቅባቱ፤ ከመጋረጃው ጀርባ ደግሞ ሃጃ ነፊሳና አንቺ ኹምራ የሚሉትን ሽቶ የምትቀምሙባት ጠባብ ክፍል። ሁሉም እንደነበረው ነው። የሃጃ ጉልበት ብቻ ነው የደከመው።

ባለፈው በጋ ግን በትልቁ መንገድ ላይ አዲስ የመዋቢያ ሱቅ ተከፈተ። ባለቤቷን ሲት ሐናን፣ ወይዘሮ ሐናን እንደማለት፣ ይሏታል፤ ካርቱም ትልቅ ሱቅ የነበራት ናት። የዚያኛው ሱቅ ቁልፍ አሁንም ከዚህኛው ጋር በአንድ ቀለበት ላይ ተንጠልጥሏል። የአዲሱ ሱቅ በር መስታወት ነው፤ ጣሪያው ላይ የፀሐይ መብራት ስለተተከለለት ውስጡ በቀትርም ቀዝቃዛ ነው። ሻጮቹ አንድ ዓይነት ልብስ ይለብሳሉ። ሲት ሐናን አንድ ቀን ሰብለን ጠርታ «የሽቶውን ክፍል አንቺ ያዥልኝ» አለቻት። ደመወዙ ከሃጃ ነፊሳው ይበልጣል፣ ከሽያጩም ድርሻ አለው፣ የእረፍት ቀኑም የታወቀ ነው። ሲት ሐናን መልሱን እስከ ወሩ መጨረሻ እጠብቃለሁ ብላለች።

እኔ እንዳሰብሁት ነገሩ ቀላል ነበር። ሰብለ ግን መልስ አትሰጥም። «እስኪ አየዋለሁ፣ አባ» ትለኛለች። በማግሥቱም «እስኪ አየዋለሁ»። ደግሞ «ኸላስ፣ አባ፣ ነገ» ትለኛለች። የዚህ አገር ሰው ኸላስ ካለ ነገሩ አለቀ ማለት ነው፤ የሰብለ ኸላስ ግን የሚያልቅ አልሆነም። በመጨረሻ ከትምህርት ቤት ያመጣኋትን አሮጌ ጥቁር ሰሌዳ ዳሱ ሥር አቆምሁና መሐሏን በኖራ ከፈልሁ። በግራ የሃጃ ነፊሳ፣ በቀኝ የሲት ሐናን። ደመወዙን፣ መንገዱን፣ ሙቀቱን፣ የመውጫውን ሰዓት ጻፍሁ። ሰብለ ከሥራ ስትመጣ አይታ፣ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ሳቀች።

«አባ፣ ያልጻፍኸው አለ።»

«ምንድን ነው? ንገሪኝና ልጻፈው።»

«እሱ በኖራ አይጻፍም» አለችና እጇን ልትታጠብ ሄደች።

ያን ጊዜ ያንቺ መላ ትዝ አለኝ። ሽቶ ልትገዛ የመጣችን ሴት እጇ ላይ ጠብ አድርገሽ «በይ ሂጂ፣ ቲማቲምሽን ገዝተሽ፣ ፀሐዩን ተመላልሰሽበት ነይ፤ ሱቅ ውስጥ ቆሞ ሽቶ አይመረጥም» ትያት የለም? እኔ ደግሞ አንድ ጠዋት «ደንበኛ እያባረርሽ እንዴት ትሸጫለሽ?» ብዬ ብጠይቅሽ፣ እጄን ያዝሽ፤ አንጓዬ ላይ ከኹምራው ጠብ አደረግሽና «አስተምርበትና ማታ ትነግረኛለህ» ብለሽ ሰደድሽኝ። ኹምራ ያገባች ሴት ለባሏ የምትቀባው ሽቶ እንደሆነ እዚህ ያደገ ልጅ ሁሉ ያውቃል። የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርሁ። ሰሌዳው ላይ ለመጻፍ እጄን ባነሳሁ ቁጥር የሁለተኛው ረድፍ ሴቶች ልጆች አፋቸውን በደብተር ይሸፍናሉ። ርእሰ መምህሩ ገብቶ ቆመና «መምህር፣ ዛሬ ክፍሉ ሠርግ ሠርግ ይላል» አለኝ። ማታ ስትጠይቂኝ እንዲህ አልሁሽ፦ «ጠዋት አንገቴን ያዘኝ፤ ከሰዓት ለመድሁት፤ አሁን ሲጠፋ ደግሞ ፈለግሁት።» አንቺም «እንግዲህ ገዝተሃል» አልሽኝና ሳቅሽ። ያን ሳቅሽን እኔ አልረሳሁትም፣ ሰብለም ከእኔ እየሰማች ነው ያደገችው።

ስለዚህ ሁለቱን ሱቆች ቁጭ ብዬ ላያቸው ወሰንሁ። የመምህራን ኃላፊ በነበርሁ ጊዜ የኋላ ወንበር ላይ እየተቀመጥሁ ስንቱን ክፍል አይቻለሁ። ሱቅስ ከክፍል በምን ይለያል? የምፈትነውንም አንድ ነገር መረጥሁ፤ ሳይገዛ የሚወጣ ሰው እንዴት እንደሚሸኝ አያለሁ አልሁ። የሚገዛውንማ ሁሉም በፈገግታ ይሸኛል።

መጀመሪያ ሃጃ ነፊሳ ዘንድ ሄድሁ። ግንባሬን መትቼ ገባሁ። ሰብለ ዕቃ ልታመጣ ወጥታ ነበር። ሃጃ «ያ ኡስታዝ፣ ምን እግር ጣለህ?» አለችኝ፤ መምህሬ ማለቷ ነው፤ «ሰላም ልልሽ ነው» አልኋት፤ እሱም እውነት ነው። ጥቂት እንደተቀመጥሁ ከሰሊጥ እርሻ የመጣች አንዲት ሴት ገባች። ያለውን ሽቶ ሁሉ አሸተተች፣ ምንም አልገዛችም። ሃጃ አልተቆጣችም። የሴትዮዋን የተሰነጣጠቀ እጅ ይዛ ቅባት አሸችላትና «ሰሊጡ ሲታጨድ ነይ፣ ሽቶሽ ይጠብቅሻል» ብላ ከኋላዋ ጮኸችላት። ሃጃ ነፊሳ አለፈች።

በማግሥቱ ወደ ሲት ሐናን ሄድሁ። ሸሚዜ ያን ቀን ሥራ አገኘ፤ ኮቴንም ደረብሁ። ሱቁ ውስጥ ከእኔ በቀር ወንድ የለም። ሲት ሐናንን ሳልዋሽ «የሰብለ አባት ነኝ፤ ልጄ የምትውልበትን ቦታ ማየት ፈልጌ ነው» አልኋት። ወንበር አስመጣችልኝ። አንዲት ልጅ ገብታ ሊፕስቲኩን ሁሉ ሞክራ አንዱንም ሳትገዛ ልትወጣ ስትል ሲት ሐናን ራሷ ተነሥታ ከንፈሯን በጥጥ ጠረገችላትና «ያ ቀለም ያንቺ አልነበረም፤ ብትገዥው እኔው አዝን ነበር» አለቻት። ልጅቱ እየሳቀች ወጣች። ሲት ሐናንም አለፈች። ፈታኝን እንደዚህ የሚያስቸግረው ነገር የለም፣ የሺዬ፤ ሁለቱም ሲያልፉ።

ልነሣ ስል ሲት ሐናን «ኡስታዝ፣ ባዶ እጅህን አትወጣም» ብላ በአንዱ አንጓዬ አንድ ሽቶ፣ በሌላው ሌላ ጠብ አደረገችልኝ። አንድ ሳሙናም በከረጢት አድርጋ ሰጠችኝ። ከረጢቱ ወርቅማ ነው፣ አፉ በቀይ ሪባን ታስሯል። አመስግኜ ወጣሁ። ከዚያ ባንቺ መላ መሠረት፣ ሽቶውን ፀሐይ ላይ ልሞክረው ብዬ፣ ከረጢቱን አንጠልጥዬ፣ እጆቼንም ሸሚዜ እንዳይነካቸው ከሰውነቴ ራቅ አድርጌ ገበያውን ዞርሁት። በእህሉ በረንዳ አለፍሁ፣ በሽንኩርቱ፣ በጫማ ሰፊዎቹ፣ በካሳ ፀጉር ቤትም ደጃፍ አለፍሁ። ሰው ሁሉ ከወትሮው በላይ ሰላምታ ሰጠኝ። እኔም የኮቱ ነገር መሰለኝ።

ያልገባኝ ይህ ነው። በዚህ አገር ወንድ ሊያገባ ሲል ሽቶውን፣ ቅባቱን፣ ልብሱን ገዝቶ ለሙሽራይቱ ይልካል። ሼላ ይሉታል፤ የእኛ ጥሎሽ ማለት ነው። ያ ወርቅማ ከረጢት ደግሞ ሲት ሐናን የሼላ ዕቃ ብቻ የምትሰጥበት ኖሯል። ያን ዕለት ሌላው ከረጢት አልቆባት ነው። ገበያተኛው ያየው እንግዲህ ሚስቱ ከሞተች ዓመታት ያለፉት፣ ኮት የለበሰ፣ ከሩቅ የሚሸት፣ የሙሽራ ከረጢት ያንጠለጠለ ሽማግሌ ነው።

ካሳን ታስታውሽዋለሽ፤ ያ የጎንደሩ ፀጉር አስተካካይ፣ ወሬ ከመቀሱ ቀድሞ የሚቆርጠው። በማግሥቱ ከማኅበራችን ሁለት ሽማግሌዎች አስከትሎ፣ ስኳር ተሸክሞ ከች አለ።

«እንኳን ደስ ያለህ፣ መምህር! ግን አኩርፈናል» አለ ገና ሳይቀመጥ።

«በምን?»

«ሼላ ለብቻ ይገዛል? እኛ ሞተናል? ሰው የለህም?»

«የምን ሼላ፣ ካሳ?»

«ኧረ ተው! ከረጢቱን ገበያው በሙሉ አይቶታል። ሽቶህንማ ተወው! የደንበኛዬን ጢም ግማሹን ላጭቼ፣ ምላጬን እንደያዝሁ ነው ወጥቼ ያየሁህ።»

ተነሥቼ ከረጢቱን አመጣሁና ፈታሁላቸው። ሳሙናውን ዞር ዞር እያደረጉ አዩት። አንደኛው ሽማግሌ አሰብ አድርገው «ሳሙናም ከሼላ ይቆጠራል» አሉ። ስለ ሰብለ ሥራ አንድ በአንድ አስረዳኋቸው። እንደ ልጅ ሰምተውኝ፣ እንደ ልጅ አላመኑኝም። ካሳ ሲወጣ ወደ ጆሮዬ ተጠጋና «ካልሆነም አልቀረም። የባለቤቴ እህት ዶካ ከተማ አለች። ደርባባ ናት፤ ሻይ ስትጠጣ እንኳ ድምፅ አታሰማም» አለኝ።

«እኔ ግን አሰማለሁ» አልሁት።

ስኳሩን እምቢ ብላቸውም ትተውት ሄዱ። እስካሁን እየጠጣነው ነው።

ሰብለ ወሬውን የሰማችው ከደንበኞቿ ነበር፤ ሲት ሐናን ዘንድ ለምን እንደሄድሁ ብትናገር የራሷ ምስጢር ይወጣ ስለነበር ሃጃ ፊት አላስተባበለችም። ማታ ስትገባ ሆዷን ይዛ እየሳቀች «ሙሽራው፣ እራት በላህ?» አለችኝ። አብረን ስንስቅ አመሸን። የሥራውን ነገር ሳነሣባት ግን ፊቷ መልሶ ጨለም አለ። ወሩ ሊያልቅ ነው። ሲት ሐናን ሌላ ሰው ልትቀጥር ነው። ልጄ እጇ የገባውን ዕድል እያየች የምታስመልጠው ለምን እንደሆነ አልገባኝም፤ እኔም ገፍቼ አልጠየቅኋትም። ተማሪ መልሱን እያወቀ ዝም ሲል መጠበቅ እንጂ መጮህ እንደማይረዳ አውቃለሁ።

ከዚያ በኋላ ባለው ቀን አንድ የርክሻ ነጂ በራችን ላይ ቆመ። በቀይና በወርቅማ የሙሽራ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አቀበለኝ። «ሃጃ ነፊሳ ናት የላከችኝ» አለ። «ለሙሽራይቱ ነው። ከትልቁ ብልቃጥ የተቀዳ ነው። ‹የፊተኛዋ ሚስት ነው ብላ አትቅናበት፤ የዚያ ቤት ሽታ ይህ ነው፣ እንዳትለውጠው› በላት ብላለች። መብሩክ፣ ያ ኡስታዝ!» የመንገዱን ልክፈልህ ብለው «በሠርግ?» ብሎ ሞተሩን አስነሥቶ ሄደ።

ጨርቁን ፈታሁት። ትንሽ ብልቃጥ ናት። ክዳኗን ከፈትሁ።

የሺዬ፣ አንቺ ገባሽ። በምን ቃል እንደምጽፈው አላውቅም። ሰንደሉ፣ ቅርንፉዱ፣ ከመተማ ታስመጭው የነበረው የጠጅ ሣር ሥር፤ ከኋላቸው ደግሞ ስም የሌለው፣ አንቺ ብቻ የሆነው። ቤቱ ውስጥ ያ ሽታ ከተሰማ አራት ክረምት ሆነው። ባረፍሽ ጊዜ ቤቱ ሐዘን ስለሆነ ሽቶ አልገባበትም፤ ያንቺን ብልቃጥ ሴቶቹ ከልብሶችሽ ጋር ይዘውት ሄዱ። ከዚያም ያላገባች ልጅ ኹምራ ይዛ ቤት አትገባምና ሰብለ አምጥታው አታውቅም። ከአልጋው ጠርዝ ተቀምጬ ክዳኑን በአንድ እጄ፣ ብልቃጡን በሌላው ይዤ ቀረሁ።

ሰብለ ያን ዕለት በጊዜ መጣች። ደጃፉን እንዳለፈች ቆመች። «እማ…» አለችና ቃሉን አልጨረሰችውም። መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ብልቃጧን እየተቀባበልን እንደ ሁለት ሌቦች አሸተትን። ከዚያ ነው የነገረችኝ።

ትልቁ ብልቃጥ ከመጋረጃው ጀርባ አለ። አንቺ የጀመርሽው ነው። አንዴም እስከ ሥሩ አልቆ አያውቅም፤ ጎደል ሲል አዲሱን በአሮጌው ላይ ትጨምሪያለሽ፣ አሮጌው አዲሱን ያስተምረዋል ትያት ነበር አሉ። ካንቺ በኋላም ሰብለ እንደዚያው ስታደርግ ኖራለች። ስለዚህ አንቺ በእጅሽ የቀመምሽው ዛሬም ብልቃጡ ውስጥ አለ። ብልቃጡ ግን የሱቁ ነው። ከሱቁ ከወጣች ብልቃጡ እዚያው ሊቀር ነው። «እንዴት አድርጌ ልጠይቃት፣ አባ?» አለችኝ። «ጥዬሽ ልሄድ ነው፣ ደግሞ የእናቴን ስጭኝ እላታለሁ? ቀን ቀን መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ አሸተዋለሁ። እሱን ነው ያልጻፍኸው።»

ተነሥቼ ሰሌዳውን ጠረግሁት።

በማግሥቱ ጠዋት አባትና ልጅ ብልቃጧን እንደተጠቀለለች ይዘን ሃጃ ነፊሳ ዘንድ ሄድን። ግንባሬን መታሁ። ሃጃ ፊቷን አዙራ ተቀምጣለች።

«ሃጃ፣ ሙሽራ የለችም» አልኋት።

ዞር አለች። «የለችም ማለት?»

«አላገባም። ሰው ያየኝ ሳሙና ይዤ ነው።»

መከናነቢያ ቶቧ ከራሷ ላይ እስኪወርድ አፍጥጣ አየችኝ። «አታገባም? ታዲያ ሁለት ቀን ሙሉ ለምን ሰደብሁህ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ?»

«የሺን ወክዬ ነበር የሰደብሁህ! በኋላ ግን የሺ ራሷ ብትኖር ምን ታደርግ ነበር ብዬ አሰብሁ። ሰድባህ ስታበቃ፣ ሙሽራዋ ምስኪን ናት፣ በምን እዳዋ ብላ ሽቶ ትልክላት ነበር። እኔም እንደዚያው አደረግሁ» አለችና መሳቅ ጀመረች። ጉልበቷን እየመታች፣ ዓይኗን በቶቧ እየጠረገች ሳቀች። ሳቁ ሲበርድላት ወደ ሰብለ ዞረች።

«አንቺስ? የምትነግሪኝ የለም?»

ሰብለ መሬት መሬት እያየች ነገረቻት። ሲት ሐናን እንደጠራቻት፣ መሄድ እንደምትፈልግ፣ ብልቃጡን ትታ መሄድ እንዳቃታት። ሃጃ አላቋረጠቻትም። ስትጨርስ «ሐናን ገና አንቺን ሳታናግር እኔ ዘንድ መጥታ ነበር» አለች። «በዚህ ገበያ የሰው ሠራተኛ ሳይጠየቅ አይወሰድም። ‹ውሰጃት› ብያታለሁ። ‹ግን ጠዋት ሻይ ሳትጠጣ እንዳታናግሪያት፣ ትናከሳለች› ብያታለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ፣ ሃጃ?»

«ከአፍሽ እስኪወጣ ነዋ! ባረጅም ልነገር እወዳለሁ።»

የብልቃጡንም ነገር እሷው ቆረጠችው። ትልቁ ባለበት ይቀመጣል፣ ምክንያቱም ሃጃም የሺን ማሽተት ትፈልጋለች። ሰብለ አርብ አርብ ከጸሎት በኋላ መጥታ ትቀምማለች፣ የሃጃ ልጅ ሚስትም አጠገቧ ቁጭ ብላ ትማራለች። ትንሿ ብልቃጥ እኛ ቤት ትኖራለች። «ለሙሽራይቱ ብዬ ሰጥቻለሁ፤ የሰጠሁትን አልመልስም» አለች ሃጃ ወደ ሰብለ እያየች። «ሙሽራይቱ ማን እንደሆነች ስቼ ነበር እንጂ ሙሽራ መኖሯን አልሳትሁም።» ሰብለ እንዴት እንደቀላች ብታይ! የሚታይ ነገር እስካሁን የለም፣ አትቸኩይ። ካለም ገና አልነገረችኝም፣ እኔም እንደ ሃጃ ከአፏ እስኪወጣ እጠብቃለሁ።

ሰብለ አዲሱን ሥራ ጀምራለች። በዚያ ልብስ ታምራለች፤ ቀሚሱ ትንሽ ረዝሞባት አሳጥሬ ሰፍቼላታለሁ፣ ስፌቱ ግን ያንቺን አያህልም። የመጀመሪያ ቀን ለአንዲት ደንበኛ ሽቶ ጠብ አድርጋ «ሂጂና ዞረሽ ነይ» ብትላት ሲት ሐናን ደንግጣ «ደንበኛዬን ታባርሪያለሽ?» አለቻት አሉ። ሴትዮዋ ከአሥር ሰዓት በፊት ተመልሳ ገዛች። ሌሎቹም ይመለሳሉ። አንዷ ሳትመለስ ቀርታለች፤ ሰብለ ስሟን ባታውቅም እስካሁን መንገድ መንገድ ታይላታለች።

ሳምንቱ ሲያልቅ ዳሱ ሥር፣ ባንቺ ጥግ ተቀምጣ ሳለ «እንዴት ነው?» አልኋት።

«ጠዋት ጠዋት አንገቴን ያዘኝ» አለች። «ከሰዓት ለመድሁት።»

«አሁንስ?»

«ዛሬ አርብ ሲሆን፣ ሱቁ ሲዘጋ፣ ደግሞ ፈለግሁት።»

«እንግዲህ ገዝተሻል» አልኋት። ሁለታችንም በሳቅሽ ሳቅን።

ካሳ ተስፋ አልቆረጠም። ባለፈው ፀጉሬን ሲቆርጠኝ የዶካዋን ሴት ደግነት ከጆሮዬ ሥር ሲያዘንብልኝ ነበር፤ መቀስ በእጁ ስለሆነ ዝም አልሁት። ወርቅማው ከረጢት ግን አልተጣለም። ኖራዬን አስቀምጥበታለሁ፤ የጎረቤት ልጆች የሙሽራ ኖራ ይሉታል።

አሁን ደብዳቤውን ላጥፈው ነው፣ የሺዬ። ሃጃ «የሙሽራይቱ ነው» ብላ ስለፈቀደችላት፣ አርብ አርብ ሰብለ ከትልቁ ብልቃጥ ጥቂት ይዛ ትመጣለች፣ እኔም በትንሿ ላይ እጨምርበታለሁ፤ አዲሱን በአሮጌው ላይ። ጠብታ ሳይፈስ፣ ቀስ ብዬ። እኔ በዚህ ቤት እስካለሁ ድረስ እስከ ሥሩ አይደርቅም። የሰብለ ቀን ሲመጣ ሙሉውን እሰጣታለሁ፣ ከዚያ በኋላ መጨመሩ የእሷ ነው።

ይህን ሳልጀምር ከትንሿ ብልቃጥ አንጓዬ ላይ ጠብ አድርጌ ነበር፤ እስካሁን አለ። አሁን ሸሚዜን ለብሼ ገበያውን ልዞርበት ነው። በካሳ ደጃፍ በኩል አልፋለሁ፤ የፈለገውን ያህል ያሽትት። ማነው ቢለኝ ሚስቴ ናት እለዋለሁ።

የኔው የምትይኝ፣
ባልሽ